የደነዘዘው እግሬና የሜይ ሦስት ሳንቲሞች

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰው ጫማ አድርጌ ቤቴ ገባሁ።

ቀልድ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ መደርደሪያ ላይ ጥቁር ጫማ አነሣሁ፣ አጠለቅኩ፣ መኪና ውስጥ ገባሁ፣ ከባለቤቴ ከግርማ ጋር ስለሚያፈሰው ጣራችን እየተጨቃጨቅን ሰፈራችን ሊልበርን ደረስን፣ የቤታችንን ደረጃ ወጣሁ። ያየው ግርማ ነው። «የማን ጫማ ነው ያደረግሽው?» አለኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ ተረከዙ የተንሻፈፈ፣ ለእግሬ በጣም የሚሰፋ፣ የማላውቀው ጫማ ነው። ግርማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። የጫማውን ባለቤት ስናፈላልግ አመሸን፤ ምስኪን ሴትዮ የኔው ጫማ አልገባት ብሎ በካልሲዋ ነበር ወደ ቤቷ የሄደችው። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ሰው የሌላ ሰው ጫማ አድርጎ እንዴት አይታወቀውም?

ይህን የምጽፈው እንደኔ «ትንሽ ደክሞኝ ነው እንጂ ደህና ነኝ» ማለት ለለመደባችሁ እናቶች ነው። ሐኪም አይደለሁም። እዚህ በስደት፣ ብሩክሄቨን በሚባል ከተማ ልብስ አስተካክላለሁ፤ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሚዜ ቀሚስ አጠባለሁ። በታሪኬ ውስጥ የቻይና ሳንቲም አለበት። ቅር የሚለው ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብበኝና ከዚያ ይቆጣኝ።

ሕመሙ የጀመረው ከጫማው በፊት ነው፤ እኔ ነኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ያልኩት። መጀመሪያ የእግሬ ጣቶች ጉንዳን የወረራቸው ይመስል ይነዝሩኝ ጀመር። ቀጥሎ ወለሉ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ ካልሲ ያደረግኩ ይመስለኛል። ሻወር ውስጥ ፀጉሬን ልታጠብ ዓይኔን ስጨፍን እንገዳገዳለሁ፤ ግድግዳውን ካልያዝኩ መውደቄ ነው። ምላሴ እንደተላጠ ሁሉ በርበሬ አልችል አለ። ድካሙማ አይወራም። ተኝቼ ስነሣ ከመተኛቴ በፊት ከነበረው የባሰ ይደክመኝ ነበር።

ከዚያ እጄ ላይ ወጣ። አንድ ቀን ነጭ የሚዜ ቀሚስ ጫፍ እየሰፋሁ ጨርቁ ላይ ቀይ ነጠብጣብ አየሁ። መርፌው ጣቴን ወግቶኝ እየደማሁ ነው፤ ምንም አልተሰማኝም። መርፌ እንጀራዬ ነው። መርፌ ሲወጋው የማያውቅ እጅ ይዤ ወዴት እሄዳለሁ ብዬ እዚያው ማሽኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

የመጀመሪያው ሐኪም የእጄ አንጓ ላይ ያለው ነርቭ ከሥራ ብዛት ተጨቁኗል ብሎ ብረት የገባበት ማሰሪያ ሰጠኝ። «እግሬስ?» ስለው «እሱን ሌላ ጊዜ እናያለን» አለ፤ ቀጠሮው የተያዘው ለእጅ ነዋ። ሁለተኛዋ ሐኪም ስኳሬ ድንበሩ ላይ መድረሱን ነግራኝ የእግሬን ነገር ለስኳሩ ሰጠችው። ሦስተኛው፣ ስናገር እንባዬ ስለመጣ፣ የጭንቀት ኪኒን አዘዘልኝ። ኪኒኑ አስተኛኝ እንጂ ጠብ ያደረገልኝ ነገር የለም። ነርቭ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ደግሞ ኢንሹራንሱ እስኪፈቅድ መጠበቅ ነበረብኝ።

መጠበቅ ራሱን የቻለ ሕመም ነው። ሁሉም ክሊኒክ ውስጥ አየሩ በረዶ ነው፤ ሁሉም ግድግዳ ላይ ቴሌቪዥን አለ፤ ቴሌቪዥኑ ሁሉ አሮጌ ቤት ሲታደስ ያሳያል። ስንት ሰው አዲስ ወጥ ቤቱን አይቶ ሲጮህ አየሁ መሰላችሁ። እኔ ግን በገባሁበት ሕመም እወጣለሁ። ሌሊት ሌሊት ግርማ ሲያንኮራፋ እግሬን በእግሬ እነካካለሁ፣ መኖሩን ለማረጋገጥ።

ከጎኔ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ልጄ ማህሌት ናት። አንድ ልጃችን ናት፤ እዚህ አድጋ፣ እዚህ ተምራ፣ ኮምፒዩተር ላይ ነው የምትሠራው። ባሏ ዳንኤል ይባላል፤ ደግ ልጅ ነው። ከሥራዋ መሀል ተነሥታ ትመጣለች፤ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ታስቀምጥና ጆሮዋ ላይ ስብሰባ ሰክታ ትጠብቀኛለች። እንግሊዝኛ አላጣሁም፤ ሐኪም ፊት ግን አንደበቴ ይታሰራል፤ ስለዚህ የምታወራልኝ እሷ ናት። ሁለተኛዋ ሐኪም አመጋገቤን ስትጠይቅም የመለሰችው ማህሌት ነበረች። «ሥጋ ትበላለች? ወተት፣ እንቁላል?» አለች ሐኪሟ። ማህሌት ሳቀች። «እናቴ ሁሉንም ትበላለች። የሷን ዶሮ ወጥ ብትቀምሺ!» አለቻት።

እኔ ዝም አልኩ።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት አሁን ልናገር፣ አለዚያ የሚቀጥለው አይገባችሁም። ከአምስት ዓመት በፊት ማህሌት ፀንሳ ጽንሱ ወረደባት። ለቤተሰብ ተነግሮ፣ ስም ሁሉ እየተመረጠ ነበር። ያን ሰሞን ፊቷን ማየት አቃተኝና ለእመቤታችን ተሳልኩ። ልጄ ልጅ እስክትታቀፍ ድረስ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አፌ አይገባም አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ስእለት ሲወራ ይቀላል፤ ጾምም መለከት አይነፋበትም። ለፋሲካ ዶሮውን የምሠራው እኔ፣ እንቁላሉን የምልጠው እኔ፤ ሲቀርብ ግን «ጨጓራዬ» እልና ሽሮዬን እበላለሁ። ጨጓራስ እውነትም ነበረብኝ፤ ኪኒኑን ለዓመታት ስውጠው ኖሬያለሁ። ሐኪሟ ስትጠይቅ ታዲያ የማህሌት መልስ ውሸት አልመሰለኝም። እኛ ሥጋ የሚበላ ሕዝብ ነን። ጾም ደግሞ ከእግዚአብሔር ጋር ያለ ነገር ነው፤ ምግብ ተብሎ ለሐኪም ይነገራል ብሎ ማን ያስባል?

ሜይን ያገኘኋት ዶራቪል ነው። ለእጄ ፊዚዮቴራፒ የታዘዘልኝ ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ ከአንድ የኮሪያ ዳቦ ቤትና ከጎማ ቤት መካከል የተሸጎጠ ክሊኒክ ውስጥ ነበር። ሜይ ለጉልበቷ ትመጣለች። ቻይናዊት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከሰባ ያለፈች፣ ከሙቅ ውኃ ፔርሙዟ የማትለይ። አንድ ቀን ሻርፗን ወንበር ላይ ዘርግታ መሀላቸው ቀዳዳ የሆኑ ሦስት ሳንቲሞች ስትጥል፣ ታነሣለች፣ ደግማ ትጥላለች፤ በጣለች ቁጥር በቀጠሮ ካርዷ ጀርባ ላይ መስመር ታሰምራለች። የኛ አገር ሴት ብትሆን ጠጠር ጣይ ብዬ ወንበር እቀይር ነበር። ግን ሰልችቶኛል፤ ቴሌቪዥኑም ያው ወጥ ቤት ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት። በእንግሊዝኛ «እርስዎ» ማለት የለ፣ ታላቄን አንቺ ብያት ቀረሁ።

የሷም እንግሊዝኛ የኔም አንካሳ ስለነበር ተደጋግፈው ሄዱ። ሦስቱ ሳንቲሞች ስድስት ጊዜ ይጣላሉ። እያንዳንዱ ጥል አንድ መስመር ይሰጣል፤ ወይ ሙሉ፣ ወይ መሀሉ የተቆረጠ። መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ ይደረደራሉ፤ «ቤት ከጣራው አይጀመርም» አለችኝ። ስድስቱ ሲሞሉ አንድ ስዕል ይሆናሉ፤ እያንዳንዱ ስዕል ሰው ሊገኝበት የሚችል አንድ ሁኔታ ነው። ጠብ አለ፣ መጠበቅ አለ፣ ሙላት አለ፣ የተበላሸ ነገር አለ። እሷ ከአባቷ ተማረች፤ አባቷ ከአባቱ።

«ጥንቆላ ነው በይኛ» አልኳት።

«ጠንቋይ የሚሆነውን ይነግርሻል» አለች። «ይሄ አይነግርሽም። የቆምሽበትን ያሳይሻል። እንዴት እንደምትቆሚ አንቺ ታስቢያለሽ።»

ሳቅ ብዬ ተውኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ግን እኔው ነኝ አጠገቧ ሄጄ የተቀመጥኩት። «ልጄ ትወልዳለች ወይ ብለሽ ጣይልኝ» አልኳት። ሜይ ሳንቲሞቹን በመዳፏ ሸፈነቻቸው።

«እሱ የልጅሽ ጥያቄ ነው። የሰው ጥያቄ አይጠየቅም። ስለ ራስሽ ጠይቂ።»

«እሺ፤ እድናለሁ?»

«ይሆናል አይሆንም ተብሎም አይጠየቅም።»

ተናደድኩ። እዚህ አገር ቅጽ መሙላት ያነሰኝ ይመስል ለሳንቲም ደግሞ ሕግ! ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አልለቀኝ አለ። ጥያቄ ለመሥራት ሞከርኩ፤ እያንዳንዱ ይሆናል አይሆንም ሆኖ ይወጣል። እድናለሁ? ሥራዬን አጣለሁ? ያልፍልኛል? ያኔ ነው የገባኝ፤ ዕድሜ ልኬን እግዚአብሔርንም፣ ሐኪምንም፣ ግርማንም የጠየቅኳቸው አዎ ወይም አይደለም የሚባልበትን ብቻ ነው። መልሱን ሰምቼ ደስ ይለኛል ወይ አዝናለሁ፤ እኔ የማደርገው ነገር በውስጡ የለም። አንድ ደህና ጥያቄ ለመሥራት ሳምንታት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ይዤ የመጣሁት «በዚህ ሕመም ውስጥ እኔ የማላየው ምንድን ነው?» የሚለውን ነበር። ሜይ ራሷን ነቀነቀችና ሳንቲሞቹን ሰጠችኝ።

በደነዘዘ እጅ ሳንቲም መጣል እንዲህ ቀላል አይደለም። ሁለቱ ወንበር ሥር ገቡ። ሜይ ጉልበቷ አይታጠፍ፣ እኔ ጎንበስ ስል እወድቃለሁ፤ አንዱ ክራንች የያዘ ሰውዬ በክራንቹ እየጎተተ አወጣልን። እንደምንም ስድስቱ መስመር ሞላ። ከታች ሙሉ፣ ከላይ ሙሉ፣ መካከሉ አራት ቁርጥራጭ። ሜይ አይታ ፈገግ አለች። «አፍ ነው» አለች፤ ጣቷን ወደራሷ አፍ አመልክታ። «ይኸው የታች መንጋጋ፣ ይኸው የላይ መንጋጋ። የሚገባውን ተመልከቺ። የሚወጣውን ተመልከቺ።» ከዚያ ተጠርታ ገባች።

እኔ የመሰለኝ ሐሜት ነው። ማንን አማሁ ብዬ ሕሊናዬን ስመረምር ሰነበትኩ። ስልክ ላይ ወሬ ስለቀነስኩ ጓደኞቼ የተቀየምኳቸው መስሏቸው በግርማ በኩል ሽማግሌ ሊልኩ ምንም አልቀራቸው። ሜይ ሳንቲሞቹን በትንሽ ቀይ ከረጢት አድርጋ «አስቢበት፣ ስትጨርሺ ትመልሺልኛለሽ» ብላ አዋሰችኝ። ጻድቅ አልነበረችም መቼም። እሷ ራሷ የምትጠይቀው ቴክሳስ ያለው ልጇ ዘንድ ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን ነበር፤ ያልወደደችው ስዕል ሲወጣ «እጄ ተንቀጥቅጦ ነው» ትልና እንደገና ትጥላለች። ሕጉን ለኔ ነው የምታውቀው።

ግርማ ከረጢቱን ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ አገኘው። ከሥራ ስመለስ ጓሮ ቆሟል። ሥጋ መጥበሻውን መቆንጠጫ በአንድ እጁ፣ የጠበል ጠርሙስ በሌላው ይዟል። ሳንቲሞቹ ሣሩ ላይ፣ የፎይል ትሪ ውስጥ፣ ጠበል ውስጥ ተዘፍቀዋል።

«ተገኘ!» አለኝ። «ሕመምሽ ከየት እንደመጣ ተገኘ! ማን ነው ይሄን መተት ቤታችን ያስገባው?»

ፊቱን አየሁት። ስንት ወር የሚይዘውን የሚጨብጠውን አጥቶ የቆየ ሰው፣ ዛሬ ጠላቱን በመቆንጠጫ ያዘው። ደስ ብሎታል። ልዋሽለት ሁሉ ከጀለኝ። «የኔ ነው፣ ግርማ» አልኩት።

«ያንቺ?» መቆንጠጫው ከእጁ ወደቀ። «ጠጠር ማስጣል ጀመርሽ? ቆራቢ ሴት?»

«ምን ልሁን? ሐኪሞቹ አላወቁልኝ!»

«እንዴት ይወቁ? ለኔስ መቼ ነገርሽኝ?» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ከኔ ጋር ፋሲካን ከገደፍሽ ስንት ጊዜሽ ነው? ጨጓራ ትላለች። እንቁላል ምን ያለ ጨጓራ ነው የሚያስነሣው? ዝም ስል የማላይ መስሎሻል?»

አፌን በእጄ አስያዘኝ። የሜይ ስዕል የገባኝ እዚያ ጓሮ ቆሜ ነው። ከአፌ የሚገባውን ማንም አያውቅም፤ ከአፌ የሚወጣው «ጨጓራዬ» ብቻ ነው። ሳንቲሙ አወቀ አልልም። ሌላ ስዕል ቢወጣ ሌላ ነገር እፈልግበት ይሆናል። ነገር ግን ራሴ የከደንኩትን ራሴ አየሁት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ሌላውን ስመክር የኖርኩ ሴት ነኝ።

በመጨረሻ የነርቭ ሐኪሟ ቀጠሮ ደረሰ። ጉልበቴን በመዶሻ መታች፤ የሚነዝር ብረት አውራ ጣቴ ላይ አስቀምጣ «ይሰማሻል?» አለችኝ፤ አልተሰማኝም። እግሬን ገጥሜ ዓይኔን እንድጨፍን ስታዘኝ ማህሌት ላይ ተዘረርኩ። ስቀመጥ ማህሌት እንደ ልማዷ ልታብራራ አፏን ከፈተች። እጄን ጭኗ ላይ አደረግኩና በራሴ እንግሊዝኛ ተናገርኩ። ሥጋ የለም አልኩ፤ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም፣ ብዙ ዓመት። ለእግዚአብሔር የገባሁት ቃል ነው። የጨጓራ ኪኒንም እወስዳለሁ።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማህሌት ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች።

ነገሩ ቀላል ነበር፤ ያናድዳል። ሰውነት ነርቩን የሚጠግንበት ቢ አሥራ ሁለት የሚባል ቫይታሚን አለ፤ የሚገኘው ከእንስሳ ከሚመጣ ምግብ ነው። ወቅት ጠብቆ የሚጾም ሰው በፍስኩ ይተካዋል። እኔ ፍስክ አልነበረኝም። የጨጓራው ኪኒን ደግሞ የተገኘችውንም ትንሽ እንዳትገባ ይከላከላል። የደሙ ውጤት ሲመጣ ጭራሽ አልቋል ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። ብትዘገዪ ኖሮ መራመድ ይከብድሽ ነበር፤ አሁንም ጥቂቱ ላይመለስ ይችላል ተባልኩ።

የከበደው ግን ውጤቱ አልነበረም። ከክሊኒኩ እንደወጣን ማህሌት መኪናውን ሳታስነሣ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ምንድን ነበር ያ? ለምን? ጀስት ቴል ሚ።»

ነገርኳት። የወረደውን ጽንስ፣ ስእለቱን፣ ሽሮውን፣ ሁሉንም። ስጨርስ ትቅፈኝ ይሆናል ብዬ ነበር።

«እኔ መች አስክ አደረግኩሽ?» አለችኝ። «ቸርች ያሉት ሴቶች ሁሉ ሆዴን ነው የሚያዩት። የዳኒ እናት ሆዴን ነው የምታየው። እማዬ ጋ ስሄድ ብቻ ሪላክስ አደርጋለሁ እል ነበር፤ ሺ ኔቨር አስክስ እያልኩ። አንቺ ደግሞ እግርሽን እየከፈልሽበት ነበር? ሃው አም አይ ሰፖዝድ ቱ ሊቭ ዊዝ ዛት? እንዴት ነው ይሄን ይዤ የምኖረው?»

ሊልበርን አድርሳኝ፣ በሩ እስኪከፈት ጠብቃ ሄደች።

ግርማ ወደ ንስሐ አባታችን ወሰደኝ። ቄሱ ሁሉንም ሰሙ። «ልጄ፣ ሕመምተኛ እንዲጾም ማን አዘዘሽ? ስእለት ስትሳይስ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አሉ። ስእለቱን ፈተው በምትኩ ጸሎት ሰጡኝ። ሳንቲሞቹን ግን ዛሬውኑ ለባለቤታቸው መልሺ፣ ዳግመኛ እንዳትጠይቂባቸው አሉ፤ እሺ አልኩ። ግርማ ከቤታቸው ሲወጣ ቁመቱ የጨመረ መሰለኝ።

የቫይታሚኑ መርፌ በመጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ በወር አንዴ ሆነ። መጀመሪያ ምላሴ ዳነ። ከዚያ ጉንዳኖቹ ብሰው ተመለሱ፤ የሚነቃ ነርቭ ያማል አሉኝ፤ ሲያመኝ ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ነርሷ ከመውጋቷ በፊት እጇን አሽታ ታሞቅልኛለች፤ ያቺን ነገር እስክሞት አልረሳትም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ አንድ እሑድ የምንጣፉ ሻካራነት ተረከዜ ላይ ተሰማኝ። ማህሌት ግን የለችም። ለአባቷ ትጽፋለች፤ «ሃው ኢዝ ሺ» ትለዋለች፤ እሱም ያሳየኛል። ወደኔ አትደውልም። እግሬ እየተመለሰ ልጄ ስትሄድ፣ ምን ትርፍ አለው እያልኩ ዋልኩ አደርኩ።

ዛሬ ነገ እያልኩ ያቆየኋቸውን ሳንቲሞች ለሜይ ልመልስ ዶራቪል ሄድኩ። ከረጢቱን እጇ ላይ ሳስቀምጥ ለቄሱ የገባሁትን ቃል ረሳሁና «አንዲት ብቻ ልጠይቅ» አልኳት። «ልጄ ይቅር ትለኛለች?»

ሜይ ትክ ብላ አየችኝ። «ልጅሽ በሕይወት አለች?»

«አለች፣ ተመስገን።»

«ስልክ አላት?»

«አላት።»

«ታዲያ ሳንቲም ምን ይሠራል?»

ሳቅኩ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ከፔርሙዟ ውኃ ቀዳችልኝና፣ እሷም ሳንቲም መጣል ሲሰለቻት ቴክሳስ ደውላ ልጇን በቀጥታ እንደጠየቀችው ነገረችኝ። «እንድመጣ ትፈልጋለህ? አልኩት። ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ» አለች። «አልሄድም። ግን አሁን ዕቃዬን ከካርቶን አወጣሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ካርቶን ውስጥ ነበር።» እጇን ያዝኩት። የእጇ ሙቀት ተሰማኝ።

ያን ዕለት ማታ ለማህሌት ደወልኩ። «ሐሙስ መርፌ አለብኝ፤ ትወስጂኛለሽ?» አልኳት። ያው ይሆናል አይሆንም ነው፤ ያልለመደ ሰው ከዚህ አያልፍም። «ኦኬ» አለች።

ሐሙስ መጣች። መንገዱን ሙሉ ስለ ትራፊኩ አወራን። ክሊኒኩ ጋ ፓርክ ስታደርግ ቀበቶዬን ሳልፈታ ቀረሁ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህችን ልጅ በላሽ ወይ፣ ደረስሽ ወይ፣ ሥራ እንዴት ነው ብያታለሁ። ስለሷ አምላኬን ጠይቄያለሁ፤ ሳንቲም ልጠይቅ ሞክሬያለሁ። እሷን ግን አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ስታለቅስ ማየት ነው የፈራሁት፤ ከዚያ መጾም ቀለለኝ።

«ማህሌቴ» አልኳት። «ያ ልጅ ከቀረ ጀምሮ እንዴት ነሽ?»

መሪውን ለቀቀች። ከዚያ ሞተሩን አጠፋችው።

«አቁመናል፣ እማዬ» አለች። «ሁለት ዓመት ሆነን። እኔና ዳኒ መሞከር አቁመናል። ቱ ማች ሆነብን። ላንቺ መንገር ፈራሁ፤ ልቧ ይሰበራል ብዬ።»

ሁለት ዓመት። እሷ የተወችውን ነገር እኔ ሁለት ዓመት ጾምኩበት። እንደዚያ እንደ ሰው ጫማ ቀን ልስቅ ምንም አልቀረኝም።

«ምኑ ነበር የበዛው?» አልኳት።

«ሁሉም። ካላንደሩ፣ ዶክተሩ፣ መርፌው።»

«መርፌ? አንቺም?»

«እዚህ ጋ» አለች፣ ሆዷን እያሳየችኝ። «ዳኒ ነበር የሚወጋኝ። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኔ ነበርኩ እሱን የማጽናናው።» ሳቀች፤ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ልቅሶ ይኸው ነበር። ተሻግሬ ያዝኳት። እንባዋ እጄ ላይ ሲወርድ በእያንዳንዱ ጣቴ ተሰማኝ።

ስልኬ ጮኸ። ክሊኒኩ ነው፤ ሰዓትሽ አልፏል፣ እየመጣሽ ነው ወይ ይላሉ። በራቸው ላይ ቆመናል። ማህሌት ስልኩን ከእጄ ወስዳ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች፤ «ዊ ኒድ ቱ ሪስኬጁል» ብላ ቀጠሮውን ለሌላ ቀን አስተላለፈችና ዘጋችው።

ከዚያ የምትነግረኝን ካቆመችበት ቀጠለች።